ሆላንድ ያለው ወንድም

ገርጂ፣ ኢምፔሪያል አጠገብ
ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንቁ፤

ከብርዱም ከበረዶውም እመቤቴ ትከልልሽ። ሰውነትሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ቅዳሴ ላይ እንጂ ገበያ ላይ አይታወቀኝም፤ ተመስገን። ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ የምትሄደው የጎረቤታችን ልጅ ፈትያ ናት፣ ሆስተሷ። ብራስልስ ስታርፍ ከዚያ በፖስታ ታሻግርልሻለች። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስፈለገ እንዳትዪኝ። ግቢዬ ውስጥ ተከራይ አለ፣ ግድግዳው ቺፑድ ነው፤ እኔ ሳስነጥስ "ይማርሽ" የሚለኝ ማዶ ያለው ሰው ነው። ይሄ ወሬ እንዲህ ባለ ቤት አይወራም።

እሰይ በይ! እህትሽ ሊና ልታገባ ነው። ልጁ ጋዲሳ ይባላል፤ ሃያ ሁለት ሰፈር፣ እሷ ያለችበት ኢንሹራንስ ውስጥ አብሯት ይሠራል። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ድሮ ይሄን ምሥራቁን ሲያርሱ የኖሩ ኦሮሞዎች፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎች፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ልጁን አይቼዋለሁ። ሲበላ አያወራም፣ ሲያወራ ስልኩን አያይም፤ ወድጄዋለሁ። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ይልካሉ።

እንግዲህ ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ዘር ያጣራሉ። ማን ወለዳት፣ ማን ታመመ፣ ማን በምን ሞተ ብለው ይጠይቃሉ። ሊና ደግሞ ገና ሲተዋወቁ "ወንድሜ ገረመው ሆላንድ እህቴ ጋ ነው" ብላዋለች። አትቆጫት፤ እኔም እዚህ ሰፈር ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ስል ነው የኖርኩት። ኮንዶሚኒየሙ ወጥቶልን ገረመውን አራብሳ ካስገባሁት ወዲህ ማንም አላየውም። አራብሳ ማን ይሄዳል? የከተማው ጫፍ ነው፤ የሚያውቀን አንድ ነፍስ የለም። ፊት ለፊቱ ያለችው ጎረቤቱ ደሪቱ ደግ ሴት ናት፤ ታበላዋለች፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ታስውጠዋለች። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ምን ጎደለበት?

የጋዲሳ እህት ሰኚ ሮተርዳም ነርስ ናት አሉ። ስልክሽን ወስዳለች። ብትደውልልሽ "አዎ፣ እኔ ጋ ነው" በያት። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም፤ ይችን ቃል ብቻ። አንቺ የአእምሮ መድኃኒት የምትመራመሪ ትልቅ ሰው ነሽ፤ ይሄ አያቅትሽም። ወላጆቻችሁ ሳይኖሩ ሦስታችሁንም ያሳደግሁበትን ጡት አይደለም የማስይዝሽ፣ እንዲሁ በሞቴ ብዬሽ ነው።

አባትሽ ካለበት ሆኖ ይመርቅሽ።
አክስትሽ ሙሉ


ዩትሬክት
ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእቴቴ ሙሉ፤

እንኳን ለልደቱ በሰላም አደረሰዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎ ሐኪም ይየው ብዬ ነበር፤ ቅዳሴን ማማኸኛ አያድርጉብኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። በነጩ የሥራ ካፖርቴ ኪስ ይዤው ስዞር ከረምኩ፤ መልሱን ስላላወቅሁ አይደለም፣ ስላወቅሁት ነው።

ለሊና ደስ ብሎኛል፣ በጣም። ግን እቴቴ፣ ይህን ሥራ ለምን እንደያዝኩ ጠይቀውኝ አያውቁም፣ እኔም ነግሬዎት አላውቅም። ፋርማሲ ተመርቄ ሥራ ልጀምር ስል ነው ገረመው የታመመው፤ ሁለተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ላይ። የሌለ ድምፅ የሚያሰማው ሕመም ስም አለው፣ ስኪዞፍሬንያ ይባላል፤ ቤታችን ውስጥ ግን "ያ ነገር" ነው የሚባለው። ክኒኑ ድምፁን ዝም ሲያሰኝለት እጁን ያንቀጠቅጠው ጀመር፣ ንድፍ የሚነድፍበትን እጁን። ለምን? ብዬ የተነሳሁበት ጥያቄ ነው እስከዛሬ እንጀራ የሆነኝ። አንጎል ውስጥ መድኃኒቱ የሚያርፍበት ቦታ ከአንድ በላይ ነው፤ አንዱን ነክቶ ሌላውን የማይነካ መድኃኒት ስፈልግ ፀጉሬ ሸበተ። አንድ አግኝተን ነበር። አይጦቹ ላይ ሠራ። ሰው ላይ ሲሞከር ከባዶ ክኒን አልተሻለም። ያን ቀን ቤተ ሙከራው ውስጥ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

ቢሆንም ከውድቀቱ የተማርነው ተቆጥሮልኝ ፕሮፌሰር አድርገውኛል። እዚህ አዲስ ፕሮፌሰር ጥቁር ካባ ለብሶ በሕዝብ ፊት ንግግር ያደርጋል፤ የኔ መጋቢት ላይ ነው። በንግግሩ መሐል ስለ ገረመው ልናገር አስቤያለሁ፤ ቤተሰብ በሽተኛውን ስለሚደብቅበት ነገር። ፈቃዱን በስልክ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና "ስሜን እስከነ አባቴ ጥሪው፣ ሌላ ገረመው እንዳይመስላቸው" አለኝ። ከዚያ እንደ ልማዱ "አይጦቹ እንዴት ናቸው?" አለ። ሁልጊዜ ከኔ በፊት ስለነሱ ነው የሚጠይቀው።

እንዲህ ያለ ንግግር የማዘጋጅ ሰው እንዴት አድርጌ "እኔ ጋ ነው" እላለሁ? ይህን መስመር ጽፌ ነበር ደብዳቤውን ልዘጋ ያልኩት። ሳልዘጋው ሰኚ ደወለች። ድምፅዋ ትሁት ነው፣ "እንኳን አደረሰሽ ዶክተር" አለችኝ። ከዚያ "ወንድምሽስ ደህና ነው?" አለችኝ። "ደህና ነው፣ እኔ ጋ ነው፤ አሁን ሥራ ላይ ነው" አልኳት።

ሥራ ላይ የሚለውን እርስዎ እንኳ አልጠየቁኝም ነበር። ከራሴ ነው የጨመርኩት።

አክባሪዎ
እንቁ


ገርጂ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንቁ፤

ካባ ለባሽ ያደረገሽ አምላክ ዕድሜሽንም እንደ ካባው ያርዝመው። ጎሽ የኔ ልጅ! ሥራ ላይ ነው ማለትሽ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሰኚ ለእናቷ ነግራ፣ እናቷ ለሊና ነግራ፣ "ወንድሟ እዚያ ሥራ ይዟል" እየተባለ ነው። ምን አደረግሽ ብለሽ ነው ራስሽን የምትበዪው? ማን ሞተ?

እንግዲህ አንድ ነገር ጨምረው ጠየቁ፤ ፎቶ። ሊና እሳት ላይ ተቀመጠች። የድሮ ፎቶው ላይ ቀጭን ነው፣ አሁን መድኃኒቱ አወፍሮታል፤ የድሮውን ብንሰጥ የአሁኑን አምጡ እንዳይሉ ተፈራ። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? መገናኛ ሄጄ ከሰልባጅ ጥሩ ወፍራም ካፖርት ገዛሁ። ሃያ ሁለት ደግሞ ግድግዳው በቀይ ጡብ የተሠራ ካፌ አለ፣ ስታዪው የናንተን አገር ነው የሚመስለው። ገረመውን ከአራብሳ አምጥቼ እዚያ ወሰድኩት።

እንቁዬ፣ ይሄን ለሰው አልነገርኩም። ልጁ እኮ ደስ አለው! ከስንት ጊዜ በኋላ አብሬው ሰው መሐል ተቀመጥኩ። ማኪያቶ አዘዘ፣ ኬክ አዘዘ፤ ሹካው እጁ ላይ እየተንቀጠቀጠ ክሬሙ ካፖርቱ ላይ ጠብ ሲል "ይቅርታ እቴቴ፣ አዲስ ልብስ አበላሸሁብሽ" አለኝ። "ዛሬ ምንድን ነው በዓሉ?" ይለኛል ደግሞ። አስተናጋጇን "አክስቴ ናት፣ እሷ ናት ያሳደገችኝ" ብሎ አስተዋወቀኝ። ከዚያ ጡቡ ጋ ቁም አልኩትና አነሳሁት። ፎቶው ጥሩ ወጥቷል። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እኔ በመስኮት እያየሁ ነው የሄድኩት። አቧራ ገባብኝ ብዬ ዓይኔን ስጠርግ ሶፍት ሰጠኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ነበር። መሪያቸው የጋዲሳ አጎት ናቸው፣ አባ ዳጪ ይባላሉ፤ ረጋ ያሉ፣ ዓይናቸው የሚያስፈራ ሰው። እኔ እሺ ልል ስዘጋጅ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "አባቷ የለም፤ ግን ታላቅ ወንድም አላት። የቤቱ ወንድ እሱ ነው። ሩቅም ቢሆን ቃሉን ከራሱ አፍ ሳንሰማ ልጅ አንወስድም።" ወይ ጣጣ! ለምኜ ለምኜ በስልክ ይሁን አሉኝ፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ይመለሳሉ። ስልኩ ካንቺ ቁጥር ይምጣ፣ አንቺ በዚያ በኩል ከገረመው ጋር አገናኚን። ፈትያ ይቻላል ብላኛለች። እንዴት እንደሚናገር እኔ አስጠናዋለሁ።

በሞቴ፣ አይሆንም እንዳትዪኝ። የሊና ዕድል በዚህች ስልክ ላይ ነው።

አክስትሽ ሙሉ


ዩትሬክት
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ስለ ጤናዬ እንዳይጨነቁ፣ ሰውነቴ ደህና ነው። ሌላው ግን ደህና አይደለም፤ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ለእርስዎ ልንገርዎ።

ንግግሬን አደረግሁ። አዳራሹ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ነበር። ካባዬን ለብሼ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ስለ መድኃኒቱ ተናገርኩ፣ ስለ አይጦቹ ተናገርኩ፣ ስለ ውድቀታችንም ሳይቀር በድፍረት ተናገርኩ። ከዚያ የገረመው ቦታ ደረሰ። ፎቶውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ጎረምሳ ሳለ ንድፍ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ የተነሳውን። ሥሩ ላይ ስሙን ጽፌያለሁ፤ እስከነ አባቱ።

ቀና ስል ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሐበሻ አየሁ። ነጠላ ለብሳለች፣ ጭኗ ላይ አበባ ይዛለች። ሰኚ ናት። ሊና ከላከችልኝ ፎቶ አወቅኋት። እኔ አልጠራኋትም፤ በዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ አይታ ነው የመጣችው። ዓይኗን አልነቀለችም፤ ከኔ አንድ ነገር እንደምትጠብቅ ሆና ነበር የምታየኝ። እኔም የፎቶ መቀየሪያውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጫንኩና አለፍኩት። ወንድሜን አለፍኩት እቴቴ። ፎቶው ብልጭ ብሎ ጠፋ።

እዚህ አገር እንዲህ ያለ ንግግር የሚዘጋው በአንድ ቃል ነው፤ "ተናግሬያለሁ" ይባላል። እኔም "ተናግሬያለሁ" አልኩ። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። ሰኚ ወደ እኔ መጥታ አበባውን ሰጠችኝና "ወንድምሽ አልመጣም?" አለችኝ። "አሞታል" አልኳት። ከዚህ ሁሉ ወሬ እውነት የተናገርኩት ያቺን ብቻ ነው፤ እሷንም ጉንፋን ለማስመሰል ነው ያልኳት።

እርስዎን መውቀስ አልችልም። እርስዎ ቢያንስ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊቱን ያያሉ። እኔ በሱ ሕመም ካባ ለብሼ፣ ስሙን ለመጥራት አፈርኩ። ስልኩን አገናኛለሁ። ከዚህ ወዲያ አይሆንም የምልበት ምን ክብር ቀረኝ?

እንቁ


ገርጂ
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንቁ፤

እንኳን ከጾሙ ወደ ፍስኩ አሻገረሽ። ካባሽን ለብሰሽ የተነሳሽውን ፎቶ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ፤ የመጣው ሁሉ እያየ ይመርቅሻል። ፎቶውን ማለፍሽ ደግሞ ብልህ ነሽ እንጂ ምን ያስለቅሳል? እኔ ብሆን እዚያው ወድቄ ነበር።

አለቀ! ተሳካ! አንቺ መስመሩ ላይ ስለነበርሽ ሰምተሻል፣ ፊታቸውን ግን አላየሽም። ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አድርጌ ድምፁን ለቀቅሁት። አባ ዳጪ ጎንበስ ብለው "ልጄ ገረመው፣ እህትህን ለልጃችን ትሰጠናለህ ወይ?" ሲሉ እኔ ልቤ ቆመ። ገደለን ስል "በደስታ ሰጥተናል። አደራ፣ ሳቂታ ናት፣ ሳቋን አትውሰዱባት" አለ። ይሄን አላስጠናሁትም! ሊና ጓዳ ሆና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ቀጥለው "ሆላንድ እንዴት ነው?" አሉት። "ብርድ ነው አባ" አለ። አባ ዳጪ ስልኩን ትኩር ብለው አዩትና "ይሁን ልጄ" ብለው ተነሱ። እኔ ስልኩን ቀና ብዬ ማየት ለምን እንዳቃተኝ እንጃ።

ሠርጉ ግንቦት 23 ነው፣ የሰኔ ጾም ሳይገባ። አንቺ እንድትመጪ። ለገረመው ፈቃድ አላገኘም እንላለን። አራብሳ ምግቡን ቋጥሬ እልክለታለሁ፣ ከሁሉም ዓይነት። እሱም ይገባዋል፤ አስረድቼዋለሁ።

አክስትሽ ሙሉ


ቦሌ አራብሳ
ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ እንቁ፤

ሰላም ነሽ? እኔ ሰላም ነኝ። ድምፆቹ አሉ፣ ግን ላይኛው ፎቅ እንዳለ ሰው ቴሌቪዥን ነው፤ ምን እንደሚሉ ካልተከታተልኩ አያስቸግሩኝም። መድኃኒቴን እወስዳለሁ። ጽሑፌ ከተንቀጠቀጠብሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ደሪቱ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ በፈትያ አልላክሁትም፣ እቴቴ ታየዋለች።

ፎቶው ለምን እንደተነሳ ያን ቀን አላወቅሁም ነበር። እቴቴ ሰው ፊት አብራኝ ልትቀመጥ ፈቀደች ብዬ ነው ደስ ያለኝ። በፀሐይ ካፖርት ልበስ ስትለኝ ግን ጠረጠርኩ። ኬኩ ጥሩ ነበር።

አባ ዳጪን አውቃቸዋለሁ። ይሄን እቴቴ አታውቅም። የደሪቱ አጎት ናቸው። እሷን ሊጠይቁ ሲመጡ ታች ብሎኩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አብረን እንቀመጣለን። ይሄ ብሎክ የቆመበት የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። የት ጋ ጉድጓድ እንደነበረ፣ የት ጋ በሬ እንደሞተባቸው ያሳዩኛል። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው ምን ሆነህ ብለው አያውቁም፤ ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ ነው የሚሞሉልኝ።

በስልክ ስሜን ሲጠሩ ድምፃቸውን አወቅሁት። እሳቸውም የኔን አውቀዋል። እቴቴ ግን ከዚያ በፊት እግሬ ላይ ወድቃ "ሆላንድ ነኝ በል፣ የሊና ነገር በእጅህ ነው" ብላኛለች። እቴቴን ወድቃ አይቻት አላውቅም። ስለዚህ ለሚያውቁኝ ሰውዬ ብርድ ነው ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ ወዲህ ደሪቱ ጋ ሲመጡ አልወረድኩም። አፍሬ ነው።

ሌላም አለ። ንግግርሽን አይቼዋለሁ። በኢንተርኔት ይተላለፋል ብለሽኝ አልነበር? ሸሚዜን ተኮስኩ። ደሪቱንም ልጇንም ጠራኋቸው፤ እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩላቸው አየን። ጥሩ ተናገርሽ። የመድኃኒቱን ነገር ሁሉንም ገባኝ፣ ስለ አይጦቹ ስትናገሪ ሳቅሁ። ደሪቱ በየመሐሉ "አሁን ነው? አሁን ነው?" ትለኛለች። ቆይ፣ ገና ነው እላታለሁ። ከዚያ ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። ደሪቱ "በጣም ጎበዝ ናት" አለችና ሻይ ልታፈላ ሄደች።

እንቁ፣ አልተቀየምኩሽም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሆላንድ ሆኜ ንግግርሽ ላይ አልነበርኩም። አዲስ አበባ ሆኜ እህቴ ሠርግ ላይ አልኖርም። ወደ የትኛው ልምጣ?

አይጦቹ እንዴት ናቸው?

ወንድምሽ
ገረመው


ዩትሬክት
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገረመው፤

ደብዳቤህን ቁጭ ብዬ አንብቤ መነሳት አቃተኝ። ይቅርታ አድርግልኝ ማለት ይቀለኛል፤ ግን በቃል ብቻ ይቅርታ ጠይቄህ አንተ "ምንም አይደል" ብለህ እንድታሳርፈኝ አልፈልግም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰኚ ጋ ደወልኩ።

"ወንድሜ እኔ ጋ የለም። ኖሮም አያውቅም። ስሙ ገረመው ነው፣ አራብሳ ነው የሚኖረው፣ ስኪዞፍሬንያ አለበት፣ እኔ ዋሽቼሻለሁ" አልኳት። ያ ካባ ለብሼ ያላልኩት ነው፤ በጓዳ ሆኜ ለአንድ ሰው ተናገርኩት። ከዚያ "እናውቃለን ዶክተር" አለችኝ። "እናንተ አራብሳን የከተማ ጫፍ ትሉታላችሁ። እኛ አገራችን ነው። ሊና ሆላንድ ነው ባለች ሳምንት ደሪቱ የቱ ገረመው እንደሆነ ነግራናለች።"

ታዲያ ለምን ቃሉን ካልሰማን አላችሁ አልኳት። ልታጋልጡን አይደለም? አልኳት። ገረመው፣ መልሷን እንዳለ ልጻፍልህ፦ "በኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም እያለ ሳይጠየቅ እህት አትሰጥም። ታሟል ብለን ዘለነው ብንሄድ ነውሩ የኛ ነው አለ አጎቴ። ያከበርነው መስሎን ነበር። ከእናንተ አንዳችሁ ስሙን እስክትጠሩ ነበር የምንጠብቀው። እኔም አበባ ይዤ የመጣሁት ለዚያ ነው።" ጋዲሳም ያውቃል፤ ሊና ራሷ እስክትነግረው ዝም ብሏል። አባ ዳጪ ያሉት ይሄን ነው አለችኝ፦ "ቃሉን ተቀብለናል። የሰጠን ሰው ግን ሠርጉ ዕለት በሩ ላይ ቆሞ ይቀበለን።"

ለእቴቴ ደውዬ ነገርኳቸው። ስልኩን ዘጉብኝ። ደጋግሜ ብደውል አላነሱም። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ደወሉ። ስለ ምንም ሳያነሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ "የሱፍ ልብሱ ልክ ስንት ነው?" እኔም አላወቅሁትም ገረሜ። መድኃኒቱ በሰውነትህ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አውቃለሁ፣ የልብስህን ቁጥር ግን አላውቅም። ቅዳሜ ሲመጡ ራስህ ንገራቸው።

እኔ ግንቦት 15 ጠዋት ቦሌ እደርሳለሁ። ከደሪቱ ጋር መጥተህ ተቀበለኝ። እስከዚያ አባ ዳጪ ከመጡ ውረድ፤ ማፈር ያለበት አንተ አይደለህም። አይጦቹ ደህና ናቸው፤ አዲስ ነገር ጀምረንባቸዋል፣ ስመጣ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለን እነግርሃለሁ።

ካፖርቱን ግን ተወው፤ ግንቦት ነው።

እህትህ
እንቁ